በባሮክ ዘመን በቀለም የተነደፈ ሕፃን መልአክ እንዴት ይታያል

ከፊቱ አይጀምሩ። የባሮክ ዘመን የአውሮፓ ሠዓሊዎች የነደፏቸው ክንፋም ሕፃናት ጉንጫቸው ሞላ ያለ፣ ፀጉራቸው የተጠቀለለ፣ ሆዳቸው ድንቡሽ ያለ ስለሆነ ዐይን መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፤ «ሲያምር!» ይልና ያልፋል። እንዲህ ያየ ሰው ሕፃኑን አየ እንጂ ንድፉን አላየም። ንድፉ ያለው የጉልበቱ እጥፋት ላይ፣ ክንፉ ከትከሻው ጋር በሚገናኝበት፣ ብዕሩ ቀለም ጨርሶ እንደገና በተነከረበት ቦታ ነው። እነዚህ ወረቀቶች በአብዛኛው ለግድግዳ ጌጥ አልተሠሩም፤ ሠዓሊው ለትልቅ ሥራ ሲዘጋጅ በፍጥነት ያሰበባቸው ናቸው። ምን አስቀድሞ ምን እንዳስከተለ፣ የት እንዳመነታ፣ የት እንደቆረጠ ቀለሙ ላይ ይነበባል።

ዘመኑ በግርድፉ እ.ኤ.አ. ከ1600 እስከ 1750 ነው። ለመጀመር የሚመቹት ሦስት ጣሊያናውያን ናቸው፦ ጉዌርቺኖ (1591–1666)፣ ፒየትሮ ዳ ኮርቶና (1596–1669) እና ባቺቾ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ጆቫኒ ባቲስታ ጋውሊ (1639–1709)። አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብዎት ጉዌርቺኖን ይምረጡ። መስመሩ የሚጠማዘዝ፣ የሚቆራረጥ፣ አንዳንዴም የሚንጠባጠብ ስለሆነ የእጁ አካሄድ በቀላሉ ይታያል፤ ከተስተካከለና ከተወለወለ ንድፍ ጀማሪ ብዙ አይማርም።

ለእኛ አገር ተመልካች መጀመሪያ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ኪሩቤል ሲባል የምናስበው የሥላሴን መንበር የተሸከሙትን፣ ገጻቸው የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር የሆነውን፣ ኅዳር 8 የሚከበሩትን አርባዕቱ እንስሳን ነው። ራቁቱን ደመና ላይ የሚንፈራገጥ ሕፃን ከዚያ ጋር አይገጥምም። እንዲገጥምም አይጠብቁ። ይህ መልክ የመጣው ከጥንቷ ሮም ክንፋም የፍቅር ልጆች ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዶናቴሎና ሌሎች የፍሎረንስ ቀራጺዎች መልሰው አነሡት፤ የባሮክ ሮም ደግሞ ጣሪያዋንና መሠዊያዋን ሞላችበት። ብዙውን ጊዜ ሥራው መጋረጃ መግለጥ፣ አክሊል መያዝ፣ ደመና መግፋት ነው፤ የሥዕሉ ዋና ባለጉዳይ ሌላ ነው።

ምስሉን ማግኘትና ማሳተም

እነዚህ ንድፎች የሚገኙት በብዛት በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ነው። እዚያም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አይሰቀሉም፤ ብርሃን ስለሚጎዳቸው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሲታዩም በ50 ሉክስ አካባቢ ደብዘዝ ባለ መብራት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ አራት ኪሎ ተቀምጦ በጥሩ ምስል መማር የሚናቅ ነገር አይደለም። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም፣ የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ እና የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ትልልቅ ምስል በነፃ ያወርዱልዎታል። የሠዓሊውን ስም ጽፈው «ፑቶ» (putto፣ በሥዕል ውስጥ ያለ ሕፃን ማለት ነው) የሚለውን የጣሊያንኛ ቃል በላቲን ፊደል ቢጨምሩበት ፍለጋው ይጠብባል። የቤትዎ ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ፋይሉን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ወደ መሰለ ቦታ ሄደው ያውርዱና በፍላሽ ይያዙ።

ከማውረድዎ በፊት መጠኑን ይመዝግቡ። ሙዚየሞች ቁመቱን ቀድመው፣ ስፋቱን አስከትለው፣ በሚሊሜትር ወይም በሴንቲሜትር ይጽፋሉ። 20 ሴንቲሜትር ቁመት ያለውን ንድፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለማሳተም ምስሉ በቁመቱ 2,360 ያህል ፒክስል ያስፈልገዋል። ከ1,200 በታች ከሆነ አጠቃላይ ቅርጹን ያሳያል እንጂ የብዕሩን ጫፍ አያሳይም።

ፕሪንት ቤት ሲሄዱ ሦስት ነገር ይናገሩ፦ በእውነተኛ መጠኑ እንጂ ገጹን እንዲሞላ ተለጥጦ እንዳይታተም፤ በከለር እንዲሆን፤ ወረቀቱ የማያብረቀርቅ እንዲሆን። የመጀመሪያው በጣም ይረሳል። 12 ሴንቲሜትር የነበረ ሕፃን ኤፎር ገጽን ሲሞላ መስመሩ ሁሉ ይወፍርና የሠዓሊው እጅ ከባድ ይመስላል፤ ስለዚህ ወጥቶ ሲሰጥዎ እዚያው በማስመሪያ ይለኩት። በጥቁርና ነጭ ከታተመ ደግሞ ቡናማው ቀለም፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ወይም ቀይ ጠመኔ እና የወረቀቱ እድፍ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይደባለቃሉ። ከዋናው ቅጂ ሌላ አንድ ቁራጭ፣ ለምሳሌ ትከሻውንና የክንፉን መነሻ፣ ሦስት እጥፍ አጉልተው ያሳትሙ።

ሦስት ርቀቶች

ቅጂውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሁለት ሜትር ይራቁ፤ ዐይንዎን ጨፈን አድርገው ጨለማው የት እንደተሰበሰበ ብቻ ይፈልጉ። ከዚያ የሁለቱን ትከሻዎችና የሁለቱን ዳሌዎች መስመር በሐሳብ ያስምሩ። በባሮክ ሕፃን ሁለቱ መስመሮች ብዙ ጊዜ በተቃራኒ ያዘነብላሉ፤ ጭንቅላቱም ወደ ሦስተኛ አቅጣጫ ይዞራል። እንቅስቃሴውን የሚፈጥረው ይህ መጠማዘዝ ነው፤ ክንፉ ቢሸፈንም ሕፃኑ ይበራል። በእጅዎ ሸፍነው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ 40 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጡ፤ የሚቀጥለው ክፍል ከሞላ ጎደል የሚሠራው በዚህ ርቀት ነው። የመጨረሻው ርቀት የማጉያ መነጽር ነው። በፕሪንት ላይ ማጉያ ቢያደርጉ የማተሚያውን ነጥብ እንጂ የብዕሩን ጫፍ ስለማያገኙ ለዚህ ስክሪኑን ይጠቀሙ። የስክሪንዎ ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን ብዙ እንዳይበልጥ ዝቅ ያድርጉት፤ አለዚያ በውሃ በቀጠነ ቀለም የተቀባው ስሱ ቅብ ይጠፋል።

መስመሩን ማንበብ

መሣሪያው በአብዛኛው የዝይ ላባ ነው። ጫፉ ተቀርጾ መሐሉ ይሰነጠቃል፤ ሲጫኑት ስንጥቁ ይከፈትና መስመሩ ይወፍራል፣ ሲያነሡት ይገጥምና ይቀጥናል። ላባ ወደ ራስ ሲጎተት እሺ ይላል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ግን ወረቀቱን ይወጋና ቀለም ይረጫል። ስለዚህ ወፍራሙን ቦታ ባዩ ቁጥር እጁ ወደየት ይጎተት እንደነበር መገመት ይችላሉ። መነሻው ላይ ጠብታ የመሰለ ጉብታ፣ መድረሻው ላይ ሾጣጣ ጭራ ይፈልጉ።

አሁን የንክሮቹን ተራ ይከተሉ። አዲስ የተነከረ ብዕር ጠቆር ያለ መስመር ያወጣል፤ እየሄደ ሲደርቅ ይገረጣል፤ ከዚያ ድንገት እንደገና ይጠቁራል። ጥቁር መነሻዎቹን በፕሪንቱ ላይ በእርሳስ ቢያከብቡ ሠዓሊው የትኛውን የአካል ክፍል በአንድ ንክር እንደጨረሰ ይገለጥልዎታል። ሁለት መስመሮች በሚቋረጡበት ደግሞ የትኛው ከላይ እንዳለፈ ይዩ። የትከሻው መስመር የክንፉን ላባ አቋርጦ ከሄደ፣ ክንፉ ቀድሞ ነበረ ወይም ትከሻው በኋላ ታርሟል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ያልተዘጋ መስመር ላይ ነው። የሆዱን ብርሃናማ ጎን ሲከተሉ መስመሩ ይቆምና ከአንድ ሴንቲሜትር በኋላ እንደገና ይጀምራል፤ አንዳንዴም እስከ ጭኑ ድረስ ምንም የለም። ዐይናችን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለለመደ ይህ ያልተጨረሰ ይመስለዋል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብተው የቆዩ ሥዕላትን ይመልከቱ፦ መስመሩ ዙሪያውን ይዘጋል፣ ቀለሙ ውስጡን ይሞላል፣ ብርሃኑም ከአንድ አቅጣጫ አይመጣም። በሁለተኛው የጎንደር ዘይቤ፣ ማለትም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ጉንጭና አንገት ላይ ጥላ ይመጣል፤ ዙሪያው ግን እንደተዘጋ ነው። የባሮክ ንድፍ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ብርሃን በበዛበት መስመሩን ይሰብራል፣ በጥላው በኩል ያወፍረዋል ወይም ይደርበዋል። የጠፋውን ቁራጭ የሚሞላው ተመልካቹ ነው። ከሙዚየሙ በቀጥታ ወደ ፕሪንትዎ ቢመለሱ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ከዚያ ጉብኝት የተሻለ ማስተማሪያ እዚህ ከተማ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ሦስት እግር ያለው ሕፃን ካጋጠመዎት አይደንግጡ። ሠዓሊው እግሩን አንድ ቦታ ሞክሮ፣ ትቶ፣ ሌላ ቦታ አሳርፎታል። በብዛት የተደጋገመውና የጠቆረው የመጨረሻው ውሳኔ ነው። የቀለም ንድፍ አይላጲስ አያውቅም፤ ስለዚህ ሐሳብ መቀየር እዚህ ይታያል። ተገልባጭ ግን መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አያመነታም። አንድም ማመንታት የሌለበት፣ ሁሉም መስመር እኩል ውፍረት ያለው «የባሮክ ንድፍ» ሲያዩ ቅጂ ሊሆን እንደሚችል ይጠርጥሩ።

ጥላን ለመሥራት የተደረደሩት ሰያፍ መስመሮችም ይናገራሉ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በስተቀኝ ወደ ታች በስተግራ ያሰምራል፤ ግራኝ በተቃራኒው። በጎበዝ እጅ እነዚህ መስመሮች የጭኑን ክብነት ተከትለው ይጎብጣሉ፤ በደካማ እጅ ቀጥ ብለው ያልፉና ጭኑን ጣውላ ያደርጉታል።

ፊቱን አሁን ይመልከቱ። ዐይን ብለን ያነበብነው ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብና ከላዩ የተቀባ ትንሽ ጥላ ነው፤ አፉም አጭር ጭረት።

ስለ አካሉ መጠን ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአዋቂ ቁመት ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ጭንቅላት ሲሆን የሕፃኑ አራት ወይም አምስት ነው፤ ዐይኑም ከጭንቅላቱ እኩሌታ ዝቅ ይላል። በሮም የቬኒሱን ሠዓሊ የቲሲያንን በሕፃናት የተሞላ ሥዕል ያጠኑት ፍላንደርሳዊው ቀራጺ ፍራንስዋ ዱኬኖይ (1597–1643) እና ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፑሳን ለስላሳውን፣ እጥፋት የበዛበትን ገላ አስፋፉ። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ክንፋም ሕፃናት ጡንቻቸው የወጣ ትናንሽ ጎልማሶች ይመስላሉ። የእጅ አንጓና የቁርጭምጭሚት እጥፋት የተሰመረበትን መንገድ ይዩ፤ ጥሩ ሠዓሊ አንድ አጭር ቅስት ይበቃዋል።

ስሱ ቅብ

ከብዕሩ በኋላ ሠዓሊው ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ በብሩሽ ይቀባል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ያልተቀባው ቦታ ነው። በንድፉ ውስጥ ከሁሉ የሚያበራው ግንባሩ ወይም ሆዱ ባዶ ወረቀት ነው፤ ብርሃኑ የተቀባ ሳይሆን የተተወ ነው። አንዳንዴ በእርሳስ ማዕድን የተሠራ ነጭ ቀለም ይጨመራል፤ እሱ ከጊዜ በኋላ በአየር ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ስለዚህ ብርሃን መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ሠዓሊው አልተሳሳተም፤ ነጩ ቀለም ነው የተበላሸው።

የቅቡን ጠርዝ ይለዩ። ስለታም ጠርዝ ያለው በደረቅ ወረቀት ላይ የተቀባ ነው፤ እየሟሸሸ የሚጠፋው ወረቀቱ ገና እርጥብ ሳለ የተቀባ ወይም ጠርዙ በንጹሕ ብሩሽ የተጠረገ ነው። ስንት ድርብ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ሁለት ወይም ሦስት በቂ ሆኖ ያገኙታል። የብርሃኑን አቅጣጫ ካልለዩት የተቀቀለ እንቁላል መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ከግራ ከላይ፣ ከዚያም ከቀኝ ብርሃን ሲያርፍበት ይመልከቱ፤ የሕፃኑ ሆድና ጭንቅላት ላይ ያለውን ጥላ የሚመስለው የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ጥላው በአንድ ጎን ጀምሮ በሌላ ጎን ከጨረሰ፣ ቅቡን በኋላ ሌላ ሰው ጨምሮት ሊሆን ይችላል።

ቀለሙና ወረቀቱ

ዛሬ ቡናማ የሚታየው ቀለም ሲሠራ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነበር። ኦክ በተባለው ዛፍ ላይ ነፍሳት እንቁላል ሲጥሉ የሚወጣው እባጭ በታኒን የተሞላ ነው፤ እሱ ከብረት ሰልፌት፣ ከውሃና ከግራር ሙጫ ጋር ሲደባለቅ ወረቀት ላይ አየር አግኝቶ የሚጠቁር ቀለም ይሆናል። በዘመናት ውስጥ ግን ይቡንናል። አሲድና ብረት ስላለበትም ወረቀቱን ይበላዋል፤ በቀለም የተሞላ ቦታ ላይ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። የጉዌርቺኖ ንድፎች ብዙዎቹ በዚህ ተጎድተዋል። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ከጥላሸት የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም ካርቦን ስለሆነ አይቡንንም፣ ብራናውንም አይበላም፤ የቆየ ብራና አጠገብ ቢቀመጥ የባሮኩ ንድፍ የገረጣ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከእንጨት ጥቀርሻ የሚሠራ ቢስትር የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ከመነሻው ቡናማና ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ለስስ ቅብ ይመረጥ ነበር። በባሕር እንስሳ ቀለም፣ ማለትም በሴፒያ፣ ተሠራ የተባለ የ17ኛ ክፍለ ዘመን ንድፍ ካጋጠመዎት ጥያቄ ያንሡ፤ ሴፒያ በሰፊው የተለመደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ቡናማ ቀለምን በዐይን ብቻ ከምን እንደተሠራ መለየት ግን ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሙዚየሞች «ቡናማ ቀለም» ብለው የሚያልፉት።

ወረቀቱ ከአሮጌ የተልባ እግርና የሄምፕ ጨርቅ የተሠራ ነው። የሽቦ ወንፊቱ አሻራ ስለሚቀርበት በብርሃን ላይ ሲያዝ ቀጫጭን የተጠጋጉ መስመሮችና ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እየተራራቁ የሚያቋርጧቸው መስመሮች ይታያሉ። የወንፊት አሻራ የሌለው ልሙጥ ወረቀት በአውሮፓ የመጣው በ1750ዎቹ ነው። የብረት ብዕርም በብዛት መመረት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጫፉ ሲጫኑት ወረቀቱን በሁለት ጎን ይቧጥጥና መስመሩ መሐሉ ፈዘዝ ብሎ ጠርዝና ጠርዙ ይጠቁራል። እቤት ውስጥ በፍሬም ያለ «አሮጌ ንድፍ» ለመመርመር ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙትን ዓይነት አሥር እጥፍ ማጉያ ይጠቀሙ። መደዳ የተሰለፉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ከታዩ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ማንን እያየ ነው?

ሕፃኑ ብቻውን ቢነደፍም ብዙውን ጊዜ የትልቅ ሥዕል ቁራጭ ነው። የዐይኑንና የእጁን አቅጣጫ ከወረቀቱ ውጭ አስረዝመው ይሳሉ፤ ቅዱሱ ወይም ድንግል ማርያም የሚኖሩት እዚያ ነው። የእግሩ መዳፍ ገዝፎ፣ አገጩና የአፍንጫው ቀዳዳ ከሥር እየታዩ፣ ግንባሩ ጠፍቶ ካገኙት ለጣሪያ የታሰበ ነው፤ ባቺቾ በ1676 እና በ1679 መካከል በሮሙ ጄሱ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሣላቸው እንዲህ ከታች ነው የሚታዩት። እንዲህ ያለውን ፕሪንት ጠረጴዛ ላይ አያጥኑት። ከራስዎ በላይ አንሥተው ወይም ጣሪያ ላይ ለጥፈው ቀና ብለው ይዩት፤ የተጣመመ የመሰለው አካል ይስተካከላል። በላዩ አራት ማዕዘን መረብ ከተሰመረበት ወደ ትልቅ መጠን ሊዛወር ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።

መለያ ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ያንብቡ። የሠዓሊው ስም ብቻውን ከተጻፈ ሙዚየሙ እርግጠኛ ነው፤ «ይገመታል» የሚል ካለበት ያመነታል፤ «ተከታይ» ወይም «ወርክሾፕ» ከተባለ ሌላ እጅ ነው፤ የአንድን ሠዓሊ ሥራ «ተከትሎ» ከተባለ ቅጂ ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ማኅተም የሠዓሊው ሳትሆን የቀድሞ ሰብሳቢ ምልክት ናት።

በእጅ መቅዳት

ማየት እዚህ ይፈተናል። በካሬ ሜትር 200 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን ወረቀት ይያዙ፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቅቡ ሲነካው ይጨማደዳል። የዝይ ላባ ፍለጋ አይድከሙ፤ የቆሎ ተማሪና ጸሐፊ የሚጠቀምበት የመቃ ብዕር ይበቃል። መስመሩ ከላባ ይልቅ ደንደን ያለና አጭር ይሆናል፤ ቶሎ ቶሎ መንከር ይኖርብዎታል። ጥቁር የንድፍ ቀለም የሚገዙ ከሆነ ፋውንቴን ብዕር ውስጥ አይጨምሩት፤ ሙጫው ይደርቅና ይዘጋዋል። ለቅቡ ቡናማ የውሃ ቀለም በሁለት ስኒ ይበጥብጡ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፈር ያለ፤ መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሞክሩት፤ ሲደርቅ ስለሚገረጣ ከሚፈልጉት ትንሽ አጥቁረው ይጀምሩ።

አምስት ደቂቃ በለስላሳ እርሳስ ትከሻ፣ ዳሌና ጭንቅላት ብቻ። ከዚያ አሥር ደቂቃ በብዕር፣ አይላጲስ ሳይነኩ። ብዕሩን በጣትዎ ሳይሆን በክንድዎ ያንቀሳቅሱ። ቀለሙ እስኪደርቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከቸኮሉ ቅቡ መስመሩን ያጥበዋል። ከዚያ ቀጭኑን ቅብ፣ ሲደርቅም ወፍራሙን፤ ባዶ የሚቀረውን ቦታ አስቀድመው በዐይንዎ ይወስኑ።

ሲጨርሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ያድርጉ። መስመርዎ በየቦታው ቀለም ካቆረ ቀስ ብለው ሄደዋል። ዙሪያውን በሙሉ ከዘጉ እጅዎ የለመደውን ሠርቷል። ፊቱ ተመሳስሎ እግሩ ከጠፋ ደግሞ ከፊቱ ጀምረዋል። ሙሉ ሕፃኑን እንደገና ከመጀመር ይልቅ አንዱን እግር ብቻ፣ ከዳሌ እስከ ጣት፣ በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ጊዜ ይቅዱ።